ዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይስ የቀጣና ጥናት? ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምርጫ መመሪያ

በዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተማሪን የሚያደናግሩ ሁለት መስኮች አሉ። አንደኛው ዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይም ዓለም አቀፍ ጥናት ይባላል። ሌላው የቀጣና ጥናት ነው፤ የአፍሪካ ጥናት፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ጥናት፣ የምሥራቅ እስያ ጥናት እየተባለ ይከፋፈላል። አንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልለው ስለሚሰጧቸው ግራ መጋባቱ ይብሳል። ሆኖም ከአራት ዓመት በኋላ ከሁለቱ የሚወጡ ተመራቂዎች የሚያነቡት ጋዜጣ፣ የሚችሉት ቋንቋና ሥራ ፍለጋ የሚያንኳኩት በር በእጅጉ ይለያያል።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንዱ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ሐዋሳ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ጨርሶ የትምህርት ክፍል ምርጫውን ለመሙላት የተዘጋጀ ተማሪ ነው። ሌላው ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሲያትል ያደገ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰማ የኖረ፣ ወላጆቹ «ይህ ደግሞ ምን ሥራ ያስገኛል?» የሚሉት ነው። የወላጆቹ ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ እመለስበታለሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። በሁለቱ መካከል ለመምረጥ ከምንም በላይ የሚወስነው ቋንቋ ነው። አንድ የውጭ ቋንቋ ጋዜጣ እስከ ማንበብና እስከ መከራከር ድረስ ለመማር ሦስት አራት ዓመት ለመስጠት ከቆረጣችሁ የቀጣና ጥናትን ምረጡ። ካልቆረጣችሁ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ያዙና ከኢኮኖሚክስ ወይም ከስታቲስቲክስ ጋር አጣምሩት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጣቸው

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1919 በዌልስ የሚገኘው የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የዓለም አቀፍ ፖለቲካ የፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቋመ። በዚያው ዓመት ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤቱን ከፈተ። የትምህርቱ መነሻ ጥያቄ መንግሥታት ለምን ይዋጋሉ፣ እንዴትስ ይስማማሉ የሚል ነበር። ዛሬም ያ ጥያቄ መሀሉ ላይ ነው፤ የኃይል ሚዛን፣ የዓለም አቀፍ ሕግ፣ የንግድ ድርድር፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች አሠራር በዙሪያው ተሰልፈዋል።

የቀጣና ጥናት ሥሩ ይረዝማል፤ ከሥሮቹም አንዱ የእኛ ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ወደ ጀርመን ከተማ ጎታ ሄደው ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀመጡ። ጥያቄና መልሱ፣ ደብዳቤውና ማስታወሻው ተጠራቅሞ ሉዶልፍ ያሳተማቸው የግእዝና የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት ተወለዱ፤ የአማርኛው በ1698 ወጣ። ዛሬ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል የተሰየመው በሉዶልፍ ነው። መምህሩ አባ ጎርጎርዮስም እኩል ስም ይገባቸው ነበር።

ዘመናዊው የቀጣና ጥናት ግን ከመንግሥት ፍላጎት ጋር የተቆራኘ መሆኑን መሸሸግ አያስፈልግም። ሶአስ የሚባለው የለንደኑ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት በ1916 ሲቋቋም ዓላማው ቅኝ ግዛቶችን የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ማሠልጠን ነበር። አሜሪካም በ1957 ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ስታመጥቅ ደንግጣ በ1958 ባወጣችው ሕግ ለቋንቋና ለቀጣና ማዕከላት ገንዘብ ማፍሰስ ጀመረች። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዓረብኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ መማሪያ የበዛው በዚህ ገንዘብ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ተማሪ የሚሰጠውን መጽሐፍ ማን ለማን እንደጻፈው እየጠየቀ ያነባል። በእኛም ዘንድ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ተቋሙ ስለ ኢትዮጵያ ያለውን ዕውቀት ኢትዮጵያ ውስጥ ማከማቸቱ እስከ ዛሬ ለተማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

አንድ ጉዳይ በሁለት ዓይን

የሁለቱ መስኮች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው አንድን ጉዳይ ለሁለቱም ስንሰጥ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብን እንውሰድ።

የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ከሰነዶች ይነሣል። በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው የናይልን ውሃ ለሁለት የተካፈሉበትን ውል ያነባል፤ የውሃው ትልቁ ምንጭ ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ የለችም። የተባበሩት መንግሥታት በ1997 ያጸደቀውን የውሃ አጠቃቀም ኮንቬንሽን ያያል፤ ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል። በማርች 2015 ካርቱም ላይ ሦስቱ አገሮች የፈረሙትን የመርሆዎች መግለጫ፣ በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ የዋለውን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ያጠናል። ከዚያ ይጠይቃል፦ የታችኛው ተፋሰስ አገር ለረጅም ዘመን የበላይነቱን ይዞ የቆየው በምን አቅም ነበር? በ2020 የግድቡ ሙሌት ሲጀመር የድርድሩ ሚዛን ወደ ማን አዘነበለ? ጉዳዩ ከዋሽንግተን ወደ አፍሪካ ኅብረት መዞሩ ምን ለወጠ? ይህ ተማሪ የያዘው መሣሪያ በሜኮንግ ወንዝም፣ በሕንድና በፓኪስታን የኢንደስ ክርክርም ይሠራል። የመስኩ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ ወስዶ መጠቀም።

የመካከለኛው ምሥራቅ ጥናት ተማሪ የካይሮን ጋዜጦች በዓረብኛ ይከፍታል። በምንም የማይስማሙ የግብፅ ፖለቲከኞች በናይል ጉዳይ ለምን አንድ ቃል እንደሚናገሩ ይመረምራል። ግብፅ ከዓለም ግንባር ቀደም የስንዴ ሸማቾች አንዷ መሆኗን፣ በጃንዋሪ 1977 መንግሥት የዳቦ ድጎማ ሲነካ ሕዝቡ አደባባይ መውጣቱን ያውቃል። ስለዚህ የካይሮ ባለሥልጣን ስለ ውሃ ሲናገር ግማሹ ንግግር ለአዲስ አበባ፣ ግማሹ ዳቦ ፊት ለተሰለፈው የራሱ ሕዝብ መሆኑን ለይቶ ይሰማል። ወደ ሱዳን ዞሮም የጌዚራን የመስኖ እርሻና የሮዛሪስን ግድብ ያያል። በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ የተፈናቀሉትን ኑቢያውያን ያስባል። የካርቱም መሐንዲስና የካይሮ መሐንዲስ ስለ ሕዳሴ ግድብ አንድ ዓይነት ስጋት እንደሌላቸውም ይገነዘባል።

ተደራዳሪ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያው ተማሪ የውሉን አንቀጽ ያርማል። ሁለተኛው ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ሥልጣኑን ሳያጣ ሊፈርመው የማይችለው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በአገራችን የሚያንሰው ግን ሁለተኛው ነው፤ ይህ በእውነት ያሳስበኛል። ስለ ግብፅ፣ ስለ ሱዳን፣ ስለ ሶማሊያ የምናውቀውን አብዛኛውን የምናነበው ሌሎች በእንግሊዝኛ ጽፈውት ነው። ጎረቤቶቻችንን በራሳቸው ቋንቋ ማንበብ የሚችል ወጣት ትውልድ ቢኖረን ስንት ነገር ቀድመን በሰማን ነበር!

ቋንቋው ምን ያህል ጊዜ ይበላል?

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም እንግሊዝኛ አፍ ለፈታ ሰው ቋንቋዎችን በሚፈጁት ጊዜ ይመድባል። በሥራ ለመግባባት የሚያበቃ ደረጃ ለመድረስ ስዋሂሊ 36 ሳምንት ወይም 900 የክፍል ሰዓት ያህል ይጠይቃል። አማርኛና ሶማልኛ 44 ሳምንት፣ 1,100 ሰዓት ያህል ናቸው። ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ 88 ሳምንት፣ ማለትም 2,200 ሰዓት ይፈጃሉ። ይህ ሙሉ ጊዜውን ቋንቋ ብቻ ለሚማር ዲፕሎማት የተሰላ ነው። ተማሪ በሳምንት አራት አምስት ሰዓት ብቻ ሲማር ዓረብኛ በሁለት ሴሚስተር የትም እንደማያደርስ ከዚህ ማየት ይቻላል።

አማርኛ አፍ የፈታ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ብልጫ አለው። አንደኛ፣ ዓረብኛ የሴም ቋንቋ ስለሆነ ግስ ከሥር ፊደላት የሚረባበት መንገድ እንግዳ አይሆንበትም፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ የክፍል ጓደኛው ወራት የሚታገልበትን ነገር ቶሎ ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ ውጭ አገር ያደገ ልጅ ሌላው 1,100 ሰዓት ከፍሎ የሚያገኘውን ከእናቱ ጉልበት ሥር አግኝቶታል። ይህ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። የቤት አማርኛ ቡና ላይ ለመጫወት በቂ ነው፤ የነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ለማንበብ አይበቃም። ፊደሉን የማያውቁ ወይም እያዳገታቸው የሚያነቡ ብዙ ናቸው። የአማርኛ ትምህርት ባለበት ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ከሆነ ከመሠረታዊው ክፍል ገብታችሁ ቀላል «ኤ» አትልቀሙ፤ የምደባ ፈተና ተፈትናችሁ ከፍተኛው የንባብ ክፍል ግቡ። በአማርኛ ችሎታ የቋንቋ ግዴታን ማሟላት በሚፈቀድበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የተረፈውን ጊዜ ለዓረብኛ፣ ለሶማልኛ ወይም ለፈረንሳይኛ አውሉት።

በተያያዘ፣ ውጭ ያደጉ ልጆች የአፍሪካ ጥናት ገብተው ሁሉንም የኮርስ ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ ብቻ ሲጽፉ ማየት የተለመደ ነው። ፍቅሩ ይገባኛል፤ ምክሬ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያን ለማወቅ ከጅቡቲ፣ ከሱዳን ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተነሥቶ ማየት የበለጠ ያስተምራል። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በሳዑዲ ዓረቢያና በአካባቢው አገሮች ይሠራሉ፤ መኖሪያ ፈቃዳቸውን ከአሠሪ ጋር በሚያስረው የካፋላ ሥርዓት ውስጥ፣ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ውል እየፈረሙ። የዚያን አገር የሠራተኛ ሕግ በዓረብኛ አንብቦ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው በየኤምባሲው፣ በየእርዳታ ድርጅቱ፣ በየጠበቃ ቢሮው ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያፈራው የቀጣና ጥናት ነው።

ሥራውስ?

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ። በግልጽ ለመናገር፣ ከሁለቱ ዲግሪዎች አንዱም እንደ ነርሲንግ ወይም እንደ ሒሳብ አያያዝ ቀጥታ ወደ አንድ ሙያ አያስገባም። የአሜሪካ የውጭ አገልግሎት እንኳ ለዲፕሎማትነት የተለየ የትምህርት መስክ አይጠይቅም፤ ፈተናውን ያለፈ የግብርና ተመራቂም ይገባል። ቀጣሪ የሚያየው ዲግሪው ይዞት የመጣውን ችሎታ ነው፦ ቋንቋ፣ አኃዝ መተንተን፣ ጥርት ያለ ሪፖርት መጻፍ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የጠለቀ ዕውቀት።

ዓለም አቀፍ ግንኙነት በሩ ሰፊ፣ ወረፋውም ረጅም ነው። በኢትዮጵያ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ከፖለቲካ ሳይንስ ጋር ተጣምሮ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ዲግሪ የያዘ ብዙ ሰው አለ። ከ2023 ጀምሮ የመውጫ ፈተናም ማለፍ ግድ ነው። በዲግሪው ላይ አንድ የሚለያችሁ ነገር ካልጨመራችሁ፣ ለምሳሌ ስታቲስቲክስ፣ ሕግ ወይም ፈረንሳይኛ፣ ከክምሩ መውጣት ይከብዳል። የቀጣና ጥናት በአንጻሩ በሩ ጠባብ ነው፤ ጅቡቲን ወይም ሱዳንን የሚያውቅ ባለሙያ በየቀኑ አይፈለግም። ሲፈለግ ግን ተወዳዳሪው በጣት ይቆጠራል።

ዓለም አቀፍ ድርጅት ለሚያልሙ ጥቂት ተጨባጭ ነገሮች ልበል። የተባበሩት መንግሥታት ይፋዊ ቋንቋዎች ስድስት ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ሩሲያኛና ስፓኒሽ። አፍሪካ ኅብረት በ2022 ስዋሂሊን ወደ ሥራ ቋንቋዎቹ ጨምሯል። ከእንግሊዝኛ ሌላ ከእነዚህ አንዱን አለመቻል በብዙ የሥራ ውድድር ላይ ወደ ኋላ ያስቀራል። የተባበሩት መንግሥታት የወጣት ባለሙያዎች ፕሮግራም ዕድሜያቸው ከ32 ያልበለጠ ተወዳዳሪዎችን ይቀበላል፤ ነገር ግን የተሳታፊ አገሮች ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ዜግነታችሁ በዚያ ዓመት መካተቱን እዩ። የድርጅቱ ዋና ጽሕፈት ቤት የሥራ ልምምድ ደመወዝ የለውም። ኒው ዮርክ ወይም ጄኔቫ ቤት ተከራይቶ ያለ ክፍያ መሥራት ለስንቱ ይቻላል? አዲስ አበባ ቤተሰቡ ዘንድ ለሚኖር ተማሪ ግን የአፍሪካ ኅብረትና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በታክሲ የሚደረስባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህን ዕድል የሚጠቀሙበት ተማሪዎች ከሚገባው በላይ ጥቂት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ፕሮግራሙን መመዘን

የፕሮግራም ስም አያታልላችሁ። የኮርስ ዝርዝሩን አውጡና በመጀመሪያ ቋንቋውን እዩ። «የመካከለኛው ምሥራቅ ጥናት» ብሎ ዓረብኛን እስከ ሁለተኛ ዓመት ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ክፍል የሚያስተምራችሁ ስለ ቀጣናው እንጂ ቀጣናውን አይደለም። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ዓረብኛ በየዓመቱ መከፈቱን፣ ወይስ ተማሪ ሲገኝ ብቻ መሆኑን ጠይቁ። ቀጥሎ የምርምር ዘዴ ኮርስ ይኑር አይኑር እዩ፤ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ፕሮግራም ስታቲስቲክስ ከሌለ ትልቅ ጉድለት ነው። መምህራኑ በቀጣናው የኖሩና ቋንቋውን የሚያነቡ መሆናቸውን ከሥራዎቻቸው መረዳት ይቻላል።

መስክ ሥራ ላይ ከሁሉ ልቆ የሚታየኝ የጃፓኑ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1986 የአፍሪካ ቀጣና ጥናት ማዕከል፣ በ1998 ደግሞ የእስያና የአፍሪካ ቀጣና ጥናት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አቋቁሟል። ባህሉ ተማሪን መንደር ውስጥ ረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ነው። ካትሱዮሺ ፉኩይ የተባሉት ጃፓናዊ አንትሮፖሎጂስት በደቡብ ኦሞ ከቦዲዎች ጋር ተቀምጠው ሕዝቡ የከብቱን ቀለምና ዝንጉርጉርነት ለይቶ የሚጠራበትን፣ ከሰው ስምና ከማኅበራዊ ሕይወቱ ጋር የሚያያይዝበትን ረቂቅ ሥርዓት አጥንተዋል። እንዲህ ያለ ዕውቀት ከላይብረሪ አይገኝም። ቦዲ መሬት ላይ የስኳር እርሻ ሲታቀድ ከብት ለዚያ ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከጎን ቢኖር ምን ያህል ጥፋት በቀረ ብዬ አስባለሁ።

ወደ አውሮፓ ለሚያስቡ፣ በፓሪሱ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም በኢናልኮ፣ በኔፕልሱ ኦሪየንታሌ ዩኒቨርሲቲ፣ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ አማርኛና የኢትዮጵያ ጥናት ረጅም ታሪክ አላቸው። በአሜሪካ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በአፍሪካ ጥናት ቀደምት ነው፤ ዊሊያም ሊዮ ሃንስበሪ በ1922 የአፍሪካን ታሪክ፣ የኢትዮጵያንም ጨምረው፣ ማስተማር የጀመሩት እዚያ ነበር።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። በአሜሪካ ለቀጣናና ለቋንቋ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ድጋፍ ከ2025 ወዲህ ክፉኛ ተናግቷል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ በአሮጌ ድረ ገጽ ላይ ያለ ማስታወቂያ አይበቃም፤ ለትምህርት ክፍሉ ጽፋችሁ ዘንድሮ በእጁ ያለውን ጠይቁ። ውጭ አገር ሄዶ ቋንቋ ለመማር የሚሰጠው የቦረን ስኮላርሺፕ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው፤ ከምረቃ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት በፌዴራል መንግሥት ውስጥ ማገልገልን ያስገድዳል። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ የጃፓንና የቻይና መንግሥታት ስኮላርሺፖች፣ እንዲሁም የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ፕሮግራሞች ይታዩ።

የትኛውን ለማን?

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚጀምር ተማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ዲግሪ ጠንካራ መሠረት ያለው መስክ ያዙ። ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ ታሪክ ወይም ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሊሆን ይችላል። ከዚያው ጎን ለጎን፣ ከዩኒቨርሲቲ ውጭም ቢሆን፣ አንድ የጎረቤት ቋንቋ ጀምሩ። የቀጣና ጥናትን በማስተርስ ደረጃ ጨምሩበት፤ ያኔ ወደ ቀጣናው የምትሄዱት ጥያቄ ይዛችሁ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ራሳቸው የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ነበሩ፤ ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ሁሉ ያ ሙያ ይታይበታል።

በአሜሪካ የምትማሩ ግን ሁለት ዋና መስክ ወይም አንድ ዋናና አንድ ንዑስ መስክ መያዝ ስለሚፈቀድላችሁ ማስተርስን መጠበቅ አያስፈልግም። ኢኮኖሚክስን ከመካከለኛው ምሥራቅ ጥናት፣ የሕዝብ ጤናን ከአፍሪካ ጥናት ማጣመር ይቻላል። ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የምታስቡ ከሆነ የቀጣና ጥናትን እንደ ዋና መስክ ብትይዙ የሚያሳጣችሁ ነገር የለም፤ የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች የተወሰነ ቅድመ መስክ አይጠይቁም።

ልባችሁ ወደ ብዙ አገር የሚሄድ፣ በአንድ ቦታ ረግቶ መቆየት የሚከብዳችሁ፣ ድርድርና ፖሊሲ የሚስባችሁ ከሆነ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ይስማማችኋል፤ ራሳችሁን አታስጨንቁ። ቋንቋ ለመማር ጊዜ ከሌላችሁ የቀጣና ጥናት ውስጥ ገብታችሁ በትርጉም ብቻ እያነበባችሁ አትመረቁ፤ የመስኩን ድካም ተሸክማችሁ ጥቅሙን ሳታገኙ ትወጣላችሁ። ለመወሰን የተቸገራችሁ እንደሆነ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ውሰዱ፦ የዓለም አቀፍ ግንኙነት መግቢያና የቋንቋ አንደኛ ደረጃ። ቋንቋ በመሀል ለሚገባ ተማሪ ክፍት ስለማይሆን፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያልጀመረ ብዙውን ጊዜ ዓመት ይጠብቃል። የመግቢያ ኮርሱ ግን በሚቀጥለው ሴሚስተርም ይገኛል። ስለዚህ የሰዓት ሰሌዳችሁ ለአንዱ ብቻ ቦታ ካለው ቋንቋውን አስቀድማችሁ ተመዝገቡ።